ማሪኝ የምትለው የትኛዋ ናት

እታለም ፊደል አልቆጠረችም፤ በዚህም አንገቷን ደፍታ አታውቅም። «የቆጠሩትንም አየናቸው፤ ቆጥረው ቆጥረው ከገዛ ሚስታቸው ጋር እንኳ አይስማሙም» ትላለች። እሷ የምታውቀው ፍራሽ ነው። ጥጡን ጨብጣ ትለቀውና እንዴት እንደሚነሣ አይታ፣ ይህ ለሽማግሌ ወገብ ይሆናል፣ ይህ ለድመትም አይሆን ብላ ትለያለች። እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ደራሲ ወለደች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። እሷ ግን የወለደችው አንድ ብቻ ስለሆነ ዥንጉርጉሩ ሁሉ እሱ ላይ ወጣ።

ልጇ ቀን ቀን ማተሚያ ቤት ይውላል። ሌላ ሰው የጻፈውን እያነበበ ስሕተት ይለቅማል። ቤት ሲገባ ደግሞ ቁጭ ብሎ የራሱን ስሕተት ይጽፋል፤ ይህን የምትለው እናቱ ናት። አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ግማሹ አሁንም አልጋው ሥር ተደርድሯል። ያም ሆኖ ሰፈሩ ስሙን ረስቶ ደራሲው ይለዋል። እናቱም ደራሲው ትለዋለች፤ እሷ ስትለው ግን «በሽተኛው» እንደ ማለት ነው።

የሚኖሩበት ግቢ ውስጥ በራቸው ፊት ለፊት የሚተያይ ሁለት ቤት አለ። በአንደኛው በር እታለም፣ ልጇና ምራቷ ይገባሉ። በሌላኛው ብቻዋን የምትገባው የእታለም ታናሽ እህት ሚጡ ናት። ሚጡ ፀጉሯ ጥጥ መስሏል፣ ጉልበቷም አልታዘዝ ካላት ሰንብቷል፤ ግን ሚጡ ናት። ልጅ ሳለች የወጣላት ስም አብሯት አረጀ። በግቢው ጥግ ያለው ሰፊ ክፍል የሥራ ቤታቸው ነው።

እህትማማቾቹ አይነጋገሩም። ምራቷ ሙሽራ ሆና ወደዚህ ግቢ ስትገባ ተኳርፈው ነው ያገኘቻቸው። አዲስ ሰው ስለሆነች አፍራ ዝም አለች፤ ሳምንት ሲያልፍ ይታረቃሉ ብላ ጠበቀች። ያ ሳምንት ይኸው እስከ ዛሬ አላለፈም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው ታማ ተኝታ ሳለ እታለም ፍራሽ ልታደርስ ወጣች። ፍራሹን ያዘዙት የእንግዳ ማረፊያ ሰዎች አልጋ ዘርግተው ይጠብቁ ነበርና ግድ ሆነባት። ሚጡ ከእናቷ ዘንድ ቀረች። እታለም ወደ ማታ ስትመለስ እናቷ ላይ አንሶላ ተስቦ ደረሰች። ማረፊያው ሩቅ አልነበረም፤ ሰው ቢላክባት ሮጣ ትደርስ ነበር። ማንም አልተላከም። ከቀብር በኋላ እታለም ሚጡን አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየቻትና ፊቷን አዞረች፤ ሚጡም አዞረች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እውነት ነው፣ የእነሱ ዝምታ ይኸውና ሳይነቅዝ አረጀ።

ሥራው ግን አልተቋረጠም፤ ለብቻ አይሠራማ። የእነሱ ፍራሽ ጥጡ ከተሞላ በኋላ በጎኑ ይቆማል። እታለም በወዲህ ትቀመጣለች፣ ሚጡ በወዲያ። እታለም ክንድ በሚያህለው መርፌ ሲባጎ ሰክታ ትገፋዋለች። ሚጡ በማዶ ተቀብላ ትስብና ከአጠገቡ መልሳ ትሰዳለች። እታለም ጠበቅ አድርጋ ትቋጥራለች። እንዲህ ካልተያዘ ጥጡ እየተንሸራተተ አንድ ጥግ ይከማችና የተኛበት ሰው ቁልቁለት የተኛ ይመስለዋል። ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ በመካከላቸው ፍራሽ ቆሞ፣ አንዷ የሌላዋን እጅ ሳታይ መርፌ ይቀባበላሉ። ሌላ ሰው ተቀምጦ ቢሞክር መርፌው ጎኑን ስቶ ይወጣል፤ ምራቷ ሞክራ ጣቷን ወግታዋለች።

ቃል ካስፈለገ በምራቷ በኩል ነው። እሷ ጥግ ላይ ባለችው የልብስ ስፌት መኪና የፍራሽ ጨርቅ ትሰፋለች።

«ንገሪያት» ትላለች እታለም፤ «ሲባጎውን አታላላው በያት።»

«አክስቴ፣ ሲባጎውን አያላሉት ይላሉ።»

«ንገሪያት» ትላለች ሚጡ ከማዶ፤ «ያላላሁት እኔ አይደለሁም፣ ሲባጎው አርጅቷል በያት። እንደ አንዳንድ ሰው።»

«ሲባጎው አርጅቷል ይላሉ።»

«ሌላም ያለችው ነገር አለ። እሱን ለምን ዋጥሽው?»

«ጥርሴ ውስጥ ክር ይዤ ነው እማማ» ትላለች ምራቷ፤ መኪናዋንም ማሽከርከር ትጀምራለች።

አንድ ቀን ሚጡ ከማዶ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ንገሪያት» አለች። «ልጄ ከእኔ ጋር ኑሪ ብላኛለች በያት። ቤቷ ደረጃ የለውም። ከዚህ በኋላ ለጉልበቴ መድኃኒቱ እሱ ነው። ቅዳሜ መኪና ይመጣል በያት።»

መርፌው ግማሹ ጥጥ ውስጥ እንደገባ ቆመ። የሚጡ ልጅ የምትኖረው በመኪና ሙሉ ቀን የሚያስኬድ አገር ነው። እታለም ግን ሆዷን ለማንም ገልጣ የማታሳይ ሴት ናት።

«ንገሪያት» አለች፤ «ይቅናት በያት። ይህን ፍራሽ ግን ጨርሳ ትሂድ።»

ደራሲው ነገሩን ከሚስቱ ሰማ። ራት እንኳ በቅጡ አልበላም። እናቱ ሳህን ስታነሣ ተከትሏት መጣ።

«እማዬ፣ ቅዳሜ እኮ ልትሄድ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ደንቆሮ አይደለሁም።»

«ከዚህ በኋላ የምትገናኙት አንዳችሁ ስትቀበር ነው። ያን ጊዜ ደግሞ አንዷ አትሰማም።»

«ጥሩ ብለሃል። ጻፈው።»

እሷ ለነገር ነው ያለችው፤ እሱ ግን የምሩን ተቀበለው። «እጽፈዋለሁ» አለ። «ስሚኝ እማዬ። ሰውን አንተ እንዲህ ነህ ብትይው ጆሮውን ይደፍናል። ያንኑ ነገር የሌላ ሰው አድርገሽ ብትነግሪው ግን ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፤ ሲያለቅስም ልቡ ይከፈታል፣ ራሱንም ያያል። ታሪክ የሚባለው ነገር ሥራው ይህ ነው። እኔ በዚህ አምናለሁ።»

«ራሱን እንዲያይማ መስታወት አለ፤ ያውም ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ።»

«መስታወት ፊትን ነው የሚያሳየው።»

«ፊቱን ያላወቀ ሆዱን ያውቃል?» አለችና ሳህኖቹን ይዛ ሄደች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ልጇ ሁለቱንም አጣምሯል፣ ሞኝም ነው ወረቀትም አለው። ደራሲው ግን የሚቀልድ ፊት አልነበረውም። ያቺ አክስቱ ናት ሕፃን ሳለ ትኩሳት ሲይዘው ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ያሳደገችው። እናቱና እሷ ሳይነጋገሩ ከተለያዩ ይህ ቤት ለእሱ ቤት አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ከማተሚያ ቤት ሲመለስ በሩን ዘግቶ ይጽፋል። ምራቷ ምግቡን በሩ ሥር ታኖርለታለች። «አማጠ እኮ» ትላለች እታለም፤ «ሴት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ይገላገል ነበር።»

ሳምንቱ ሲጋመስ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሥራ ቤት ገባ። ፍራሹ ቆሟል፤ እታለም በወዲህ ሚጡ በወዲያ ናቸው። ብልሃቱ አይከፋም፤ ሁለቱንም ባንድ ቦታ ማግኘት የሚችለው በዚህ ሰዓት ብቻ ነው። ከፍራሹ ጫፍ፣ ሁለቱም እንዲሰሙት፣ አንድ ኩርሲ አስቀምጦ ተቀመጠ።

«እናንተ ሥራችሁን ሥሩ» አለ። «አንድ ታሪክ ላንብብላችሁ።»

«እኛ ምን ከለከልንህ» አለች እታለም።

ታሪኩ የሁለት ዳቦ ጋጋሪ እህትማማቾች ታሪክ ነው። አንድ ምድጃ አላቸው፣ አንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። አንደኛዋ ኩርፍተኛዋ ትባላለች፤ ሁልጊዜ እኔ ነኝ የተበደልኩት የምትል፣ አንዴ ፊቷን ካዞረች አንገቷ የማይመለስ ሴት ናት። ሁለተኛዋ ቻይዋ ናት። ኩርፍተኛዋ ታኮርፋለች፣ ቻይዋ ትችላለች። ዓመታት ይሄዳሉ። ሁለቱም እየሸበቱ አንድ ሊጥ ያቦካሉ፤ እጃቸው ሊጡ ውስጥ ይነካካል፣ አፋቸው ግን እንደተዘጋ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን በጠዋት ኩርፍተኛዋ ትነሣለች። ምንም ነገር በእጇ ሳትይዝ ትወጣና ገርበብ ብሎ በተተወው በቻይዋ ክፍል በር ላይ ትቆማለች። «ማሪኝ» ትላለች። ቻይዋ ምንም አትመልስም። ወንበር ታቀርብላታለች። እዚህ ላይ ያልቃል።

ደራሲው ማንበቡን ሲጨርስ የልብስ ስፌቷ መኪና ቆማ ነበር። መርፌውም ቆሟል። እታለም ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፤ ጥጥ ስለገባባት ነው። እሷ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ነው የገባት። ያቺ ኩርፍተኛ ሚጡን ቁርጥ ናት። አነጋገሯ ሚጡ፣ አንገቷ ሚጡ፣ የተበደልኩት እኔ ነኝ ባይነቷ ሚጡ። ይህ ልጅ ለካ ዓይን አለው። ቻይዋን ሲያነብማ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስችል ያየኝ ሰው ነበር ለካ አለች በሆዷ።

ከፍራሹ ማዶ አፍንጫ ሲነፋ ተሰማ። ሚጡ ታለቅሳለች። እታለም ቀና ብላ ተቀመጠች። ገባት፣ አለች። በመጨረሻ ጥፋቷ ገባት።

«መቼም» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ለምራቷ የምትናገር መስላ፣ «ሰው ጥፋቱን ካወቀ ሌላ ምን ይፈለጋል? በሩ እንደሆነ ክፍት ነው።»

«ንገሪያት» አለች ሚጡ ከማዶ፤ ድምፅዋ ቀጥኗል። «እውነቷን ነው በያት። እኔም እንዲሁ ነው የምለው በያት።»

ምራቷ ለማድረስ አፏን እንኳ አልከፈተችም። ከሠርጓ ጀምሮ ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ደራሲው ወረቀቱን አጥፎ ይዞ ሲወጣ እግሩ መሬት አይነካም ነበር።

በማግስቱ እታለም ማልዳ ተነሣች። ደህና ቀሚሷን ለበሰች። ቤቱን ጠርጋ፣ ጀርባው ያልተሰበረውን ወንበር በሩ አጠገብ አድርጋ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ተቀመጠች። ሚጡ ብትመጣ ምን እንደምትላት አስባለች፤ ምንም አትላትም፤ ታሪኩ ላይ እንዳለው ወንበሩን ብቻ ትገፋላታለች። ከዚያ በኋላ ግን ትንሽ ትወቅሳታለች። ትንሽ ካልተወቀሰች ምኑን ይቅርታ ሆነ።

ሚጡ አልመጣችም። በግቢው ማዶ በሯ ገርበብ ብሎ ይታያል። ዕቃ እየሸከፈች ቤት ታናፍሳለች፣ አለች እታለም። በነጋታውም እንዲሁ ሆነ። ነፋሱ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ እታለም ጉንፋን ጀማመራት።

ነገሩ መጀመሪያ የገባት ምራቷ ናት። የታጠበ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ግቢው መሐል ቆመች። ወደዚህ ስታይ አማቷ ደህና ቀሚሷን ለብሳ በር ላይ ተቀምጣለች። ወደዚያ ስታይ ሚጡ ፀጉሯን አበጥራ በር ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱም አጠገብ ባዶ ወንበር አለ። ምራቷ ልብሱን ጥላ ገባች።

«አንተ ሰውዬ» አለችው ባሏን። «ምንድን ነው የጻፍከው? ሁለቱም እየተጠባበቁ እኮ ነው። ሁለቱም ቻይዋ ሆነው ቁጭ ብለዋል።»

ደራሲው መልኩ ጠፋ። ቀስ ብሎ ወደ እናቱ መጣ።

«እማዬ፣ ለምን አንቺ አትሄጂም?»

«የት?»

«እሷ ዘንድ። ማዶ እኮ ነው።»

«እኔ ምን ቆርጦኝ? የጻፍከው አንተ አይደለህም? ጥፋተኛዋ ናት የሄደችው። ቻይዋ ቁጭ ብላ ነው የጠበቀችው። የገዛ ታሪክህን ረሳኸው?»

«ምናልባት... ኩርፍተኛዋ አንቺ ብትሆኚስ?»

እታለም ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ልጄ» አለች፤ «የጻፍከውን አታበላሽ። እስካሁን በሕይወትህ የሠራኸው ደህና ነገር እሱ ነው።»

ሰው የራሱን ገመድ ፈትሎ ሲታሰርበት አይታችሁ ካላወቃችሁ ደራሲው ያን ዕለት ግቢው ውስጥ ሲንቆራጠጥ ማየት ነበረባችሁ። ወደ አክስቱ በር ሄዶ ያንኑ ሞከረ። ሚጡም ያንኑ ነገረችው፤ ጨምራም «ለእናትህ ታሪኩን ድገምላት፤ ጆሮዋ እንደሆነ እንደ ድሮው አይደለም» አለችው።

ቅዳሜ መኪናው መጣ። ትንሽ የጭነት መኪና ነው፣ ከፊት ለሹፌሩና ለሁለት ሰው ብቻ ወንበር ያለው። ሹፌሩ ገና ልጅ እግር ነው፤ ማስቲካ ያላምጣል። ደራሲው አልጋውን፣ ሣጥኑን፣ ብረት ድስቱን፣ በመጨረሻም ፍራሹን አወጣ። እታለም ከበሯ ሆና ታያለች። ያን ፍራሽ ታውቀዋለች፤ መርፌውን በዚህ በኩል የገፋችው እሷ ናት። አሁን ትመጣለች አለች። ዕቃው ሲጫን ትመጣለች። ገመዱ ሲታሰር ትመጣለች።

ሚጡ በዱላዋ እየተደገፈች ከቤቷ ወጣች። ቀና ብላ የእታለምን በር አየች። ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወደ መኪናው ሄዳ፣ ምራቷ ደግፋት፣ ወጥታ ተቀመጠች። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ።

እታለም እግሯ መቼ እንደተነሣ አታውቀውም። የምታውቀው መኪናው መስኮት ሥር ቆማ የብረቱን በር በመዳፏ መምታቷን ነው።

«አጥፋው» አለች ሹፌሩን።

«ምኑን እማማ?»

«መኪናውን። ንገራት።»

«ማንን?»

«አጠገብህ ያለችውን። ታሪኩ ሲነበብ ጆሮዋ የት ነበር በላት።»

ሹፌሩ ዞሮ ሚጡን አየ። ሚጡ ፊት ለፊቷ ያለውን መስታወት ታያለች። «ንገራት» አለች እሷም። «ጆሮዬ እዚሁ ነው በላት። በሬን ከፍቼ ስጠብቃት ነው የሰነበትኩት በላት።»

«ይኸው እኮ ሰሙዎት» አለ ሹፌሩ።

«ንገራት አልኩህ።»

ሹፌሩ ማስቲካውን ማላመጥ አቆመ። «በሬን ከፍቼ ስጠብቃት ነው የሰነበትኩት ይላሉ።»

«እኔን? እኔ መጥቼ ምን ላደርግ?»

«ማሪኝ ልትይኝ ነዋ» አለች ሚጡ። ይህን ስትል ዞራ፣ ቀጥ ብላ፣ እታለምን እያየች ነው። ሹፌሩን ረሳችው።

«ማሪኝ የምትለው ኩርፍተኛዋ ናት» አለች እታለም።

«እኮ።»

«ኩርፍተኛዋ አንቺ ነሽ።»

«እኔ? አንገቷ የማይመለሰው ማን ሆነና? ልጅሽ አንቺን ስሎ ስሎ ስም ብቻ ነው የቀረው። ያለቀስኩት እኮ ለአንቺ አዝኜ ነው። አሁን ይህን ሰምታ ምን ይሰማት ይሆን ብዬ።»

«እኔም ለአንቺ አዝኜ ነው።»

«አለቀስሽ እንዴ?»

«ጥጥ ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሁለቱ አሮጊቶች እኩል ቀና አሉ። ደራሲው ጭነቱ ላይ ሆኖ የታሰረውን ገመድ ፈትቶ እንደገና ያስር ነበር።

«አንተ» አለች እታለም፤ «ና ውረድ። ኩርፍተኛዋ ማን ናት?»

«እማዬ፣ ታሪክ እኮ ነው። ማንም አይደለችም።»

«ማንም ካልሆነች ሁለት ቀን ሙሉ በር ላይ ያስቀመጥከን ለማን ነው? ጉንፋን የያዘኝ ለማንም ነው?»

ደራሲው ወረደ። ወደ ሚስቱ አየ፤ ሚስቱ ሰማይ ሰማይ ታያለች። «ሁለታችሁም ናችሁ» አለ በመጨረሻ። «ሁለታችሁንም ነው የጻፍኩት።»

«ሁለታችንም ኩርፍተኛዋ ከሆንን» አለች ሚጡ፣ «ቻይዋ ማን ናት?»

«እኔ ነኛ» አለች ምራቷ።

ሹፌሩ በማስቲካው ሊታነቅ ነበር። ሚጡ አፏን በእጇ ሸፈነች። እታለም ልትቆጣ አፏን ከፍታ ቁጣው አልመጣ አላት። ከሠርጓ ጀምሮ ያቺ ልጅ የእነሱን ቃል ስታመላልስ፣ እሾሁን እየነቀለች ስታቀብል፣ አንድ ቀን እንኳ በቃኝ አላለችም። እውነቷን ነው።

ሳቁ በረደ። ሞተሩም ጠፍቷል። እታለም መዳፏን ከመኪናው በር ላይ አላነሣችም።

«ያን ቀን ለምን አልላክሽብኝም?» አለች።

ሚጡ ምን ቀን አላለችም። ዱላዋን ጉልበቷ ላይ አጋደመች።

«የምትቆይ መስሎኝ ነው» አለች። «ውሃ ስጪኝ አለችኝ። ጠጣች። ጠጥታ ደህና ሆነች። እታለም እስክትመጣ ትተኛ ብዬ ብርጭቆውን ላለቀልቅ ወጣሁ። ስመለስ የለችም።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

እታለም ጠበቀች፤ ሌላ የሚከተል መስሏት። ይህን ሁሉ ዓመት ሆዷ ውስጥ ስንት ነገር ገምዳለች። እናቷን ለብቻዋ ይዛ ልትቀር ፈልጋ ነው ብላለች። እናቴ እኔን ጠርታ ሳለ እሷ ከልክላት ነው ብላለች። ውሃ፣ ብርጭቆ፣ ብርጭቆ ማለቅለቅ የሚል ግን አንድም ቀን አልመጣላትም። ልጇ ለዚህ ስንት ገጽ እንባ ጽፏል፤ እውነቱ አንዴ ውሃ የመጎንጨት ያህል እንኳ አልቆየም።

«ታዲያ ይህን ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?» አለች ሚጡ።

እታለም ይህን አላምጣ ዋጠችው። ይመራል፤ ግን ተዋጠ። ከዚያ የመኪናውን በር ከፈተች።

«ጠጋ በይ» አለች።

«የት ልትሄጂ?»

«ጠጋ በይ ብዬሻለሁ። ጉልበትሽ ነው እንጂ ወገብሽ አልታመመም።»

ሚጡ ወደ ሹፌሩ ተጠጋች። እታለም ያን ከፍታ እንዴት እንደወጣችው ምራቷ እስከ ዛሬ ይገርማታል፤ የሥራ ቤቱን ደጃፍ እንኳ ስትረግጥ የምታቃስት ሴት ናት።

«እማማ፣ ልብስ እንኳ አልያዙም እኮ» አለች ምራቷ።

«የለበስኩት ደህና ቀሚሴን ነው። ለዚህችው ነው የለበስኩት።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ንግግሬን ስጨርስ።»

ደራሲው እዚያ ደርሶ ዕቃ የሚያወርደው እሱ ነውና ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጣ። ፊቱ በርቷል። ከመውጣቱ በፊት በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ «አየሽ እማዬ? ታሪክ ኃይል አለው ስልሽ...» ሲል ጀመረ።

«ዝም በል» አለች እታለም። «ውሸት ጽፈህ ነው። ማንም ማሪኝ አላለም፣ ማንም ወንበር አላቀረበም።»

«ውሸት ቢሆንም» አለች ሚጡ፣ «ዳቦ ጋጋሪ ማድረጉን ወድጄለታለሁ።»

«አንቺ ደግሞ አታባልጊው።»

መኪናው ከግቢው ወጣ። እታለም መንገዱን እያየች የሆዷን በሆዷ አሰበች። ልጁ ያን ባይጽፍ በር ላይ ተቀምጣ አትጠብቅም ነበር። ባትጠብቅ አትናደድም ነበር። ባትናደድ መኪናው በመጣበት ይሄዳል፣ እሷም ከበሯ ሆና ታየዋለች፣ አበቃ። ይህ እውነት ነው። ለእሱ ግን አትነግረውም፤ እንዲሁ እንኳ ራሱ ያበጠ ነው፣ ሌላ መጽሐፍ አሳትሞ አልጋው ሥር ማስገቢያ ያጣል።

ከኋላቸው፣ ጭነቱ ፊት ለፊት፣ ትንሽ መስኮት አለች። ደራሲው ፍራሹ ላይ በልቡ ተኝቶ ጆሮውን አስጠግቷል። ሰው ሲነጋገር ካልሰማ የሚሞት ፍጡር ነው።

«ምን እየተባባላችሁ ነው?» አለ።

«ምን ይላል?» አለች ሚጡ።

«ልስማ ነው የሚለው።»

«ሊጽፈን ነው።»

«ካለቀ በኋላ ይጻፍ» አለች እታለም። እጇን ወደ ኋላ ልካ የትንሿን መስኮት መስታወት ስባ ዘጋችው። ከዚያ ወደ እህቷ ዞረች።

«እሺ» አለች። «ያን ቀን ጠዋት ስወጣ ተኝታ ነበር። ከዚያ ጀምሪልኝ።»